የተራራው ሰዓትና የመንገደኛው ሰዓት፦ የኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራዎችና የጉዞ ጣጣ ምን ያስተምሩናል?

መግቢያ

ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው በትንሽ ገንዘብ አገር የሚዞሩ ወጣቶች ስለ እሳተ ገሞራ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ወሬ ይቀላቅላሉ። አንደኛው ስለ ተራራው ውበት ነው፤ ጭሱ፣ የንጋቱ ብርሃን፣ የድኙ ቢጫ ቀለም። ሁለተኛው ስለ ደረሰባቸው ጣጣ ነው፤ አውቶቡስ አምልጧቸዋል፣ ሻንጣቸው በዝናብ በስብሷል፣ ሆዳቸውን ታመዋል፣ ተራራው ላይ በብርድ ተንቀጥቅጠዋል፣ በረራቸው ተሰርዟል። አድማጭም ሁለቱን ለየብቻ ያያቸዋል። ተራራው የጂኦግራፊ ጉዳይ ነው፤ ጣጣው ግን የዕድል ጉዳይ ነው ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ማሳየት ነው። ተራራው የሚሄደው በራሱ ሰዓት ነው፤ መንገደኛው ደግሞ በትኬቱ ሰዓት ይሄዳል። አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው እነዚህ ሁለት ሰዓቶች ሲጋጩ ነው። ለማሳያነት የተመረጠችው አገር ኢንዶኔዥያ ናት። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የቀንና የሌሊት ሰዓት ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።

ለምን ኢንዶኔዥያ?

ኢንዶኔዥያ የምድር ወገብ የሚያቋርጣት፣ ከ17,000 በላይ ደሴቶች ያሏት ሞቃት አገር ናት። 127 ያህል ንቁ እሳተ ገሞራዎች ይገኙባታል። ምክንያቱ በክፍል ውስጥ የተማርነው ነው። ከደቡብ የሚገፋው የህንድና የአውስትራሊያ የመሬት ቅርፊት ሰሌዳ በሱንዳ ሰሌዳ ሥር ይሰጥማል። ሲሰጥም ውሃ ያዘለ ዓለት ይዞ ይወርዳል። ያ ውሃ ከላይ ያለው ትኩስ ዓለት በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደርገዋል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ማግማ ሲሊካ የበዛበት፣ ወፍራምና ጋዝ የታመቀበት ነው።

እዚህ ላይ ከአገራችን ጋር ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ይጠቅማል። ኤርታሌ ላይ የመሬት ቅርፊት እየተለጠጠ ስለሚከፈት የሚወጣው ቀጭን የባዛልት ላቫ ነው። በማዕድ ቤት ምሳሌ ብንናገር የኤርታሌ ላቫ እንደ አጥሚት ነው፤ እንፋሎቱ በቀላሉ ያመልጣል። የጃቫ ማግማ ግን እንደ ገንፎ ነው፤ እንፋሎቱ ውስጡ ይታፈንና ድንገት ይተፋል። ገንፎ ያገነፋ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ስለዚህ "ኤርታሌ አፋፍ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፣ የጃቫውም ያው ነው" ብሎ የሚነሳ ሰው ካለ መነሻው ስህተት ነው።

የአካባቢው ታሪክም ከባድ ነው። ታምቦራ በ1815፣ ክራካታው ደግሞ በ1883 ፈንድተዋል። በክራካታው ከ36,000 በላይ ሰዎች ሲያልቁ አብዛኞቹን የገደለው ፍንዳታው ያስነሳው የባሕር ማዕበል ነበር። በ1927 ከባሕሩ ብቅ ያለው አናክ ክራካታው፣ ትርጉሙም "የክራካታው ልጅ" ማለት ነው፣ ዲሴምበር 22 ቀን 2018 አንድ ጎኑ ተንዶ ባሕር ውስጥ ገባ። ያስነሳው ማዕበል በጃቫና በሱማትራ ዳርቻ ከ400 በላይ ሰዎች ገደለ። ከሟቾቹ መካከል ለመዝናናት ወደ ባሕር ዳርቻ የመጡ፣ ተራራ መውጣትን ጭራሽ ያላሰቡ ሰዎች ነበሩበት።

ከተራራው በፊት ያለው መንገድ

የብዙ መንገደኞች የተለመደ መስመር ከዮግያካርታ ከተማ ይጀምርና ወደ ብሮሞ፣ ከዚያ ወደ ካዋ ኢጀን፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ባሊ ደሴት ይሄዳል። ካርታ ላይ ሲታይ አጭር ነው። ነገር ግን ከዮግያካርታ እስከ ብሮሞ ብቻ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህን ሁሉ በሦስት ቀን ለመጨረስ ሚኒባስ ውስጥ የሚገባ ሰው ብዙ ነው።

ታዲያ መቼ ይተኛል? በምሥራቅ ጃቫ ፀሐይ የምትወጣው ዓመቱን ሙሉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ብሮሞ ላይ ንጋትን ለማየት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መነሳት ያስፈልጋል። ካዋ ኢጀን ላይ ሰማያዊውን ነበልባል ለማየት ደግሞ በጨለማ መውጣት ግድ ስለሆነ ብዙዎች ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ይነሳሉ። ቀኑ በመንገድ፣ ሌሊቱ በተራራ ያልፋል ማለት ነው። እንቅልፍ ያጣው መንገደኛው ብቻ አይደለም፤ ሾፌሩም እንደዚያው ነው። ተራራው ገና ሳይታይ የመጀመሪያው አደጋ ተሳፍሯል ማለት ይቻላል።

ትንንሾቹ ጣጣዎችም ከዚሁ ጥድፊያ ይወለዳሉ። ወደ ብሮሞ መግቢያ በሆነችው በፕሮቦሊንጎ ከተማ ብዙ መንገደኞች የሚያማርሩበት ነገር አለ። ሚኒባሱ አውቶቡስ ተራ ሳይደርስ ደላላ ቢሮ ደጃፍ ያወርዳቸዋል፤ "ከዚህ በኋላ ሌላ መኪና የለም" ይባሉና እጥፍ ይከፍላሉ። ጊዜ ያለው ሰው "እስቲ ልጠይቅ" ብሎ በእግሩ ሄዶ ያጣራል። ሰዓት ያጠረው ግን ይከፍላል። ደላላው የሚሸጠው መኪናውን ሳይሆን የመንገደኛውን ጥድፊያ ነው።

በባሕሩም እንደዚሁ ነው። ከጃቫ ወደ ባሊ የሚያሻግረው የመርከብ ጉዞ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ የሚፈጅ በመሆኑ እንደ ቀላል ይታያል። ሆኖም ጁላይ 2 ቀን 2025 ሌሊት 65 ሰዎች ተሳፍረውበታል የተባለ የመሻገሪያ መርከብ ከወደቡ ከተነሳ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ በዚያው የባሕር ወሽመጥ ሰጠመ። ሌሊት፣ ማዕበልና ድካም ባንድ ላይ ሲገናኙ አጭር መንገድ የሚባል ነገር የለም።

ተራራው ላይ፦ ብርድ፣ ጋዝና ናዳ

"ሞቃት አገር ነው" ብሎ በስስ ልብስ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። እኛ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ እያልን ያደግን ሰዎች ይህን ስህተት መሥራት አይገባንም። የሙቀት መጠን በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። በሎምቦክ ደሴት ያለው ሪንጃኒ ተራራ 3,726 ሜትር ከፍታ አለው። ባሕሩ ዳር 28 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ ላይ በስሌት 4 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። በላብ የረጠበ ሸሚዝና የሌሊት ነፋስ ሲጨመርበት ሰውነት የሚሰማው ውርጭ ነው። በብርድ የደነዘዘ ሰው ደግሞ አረማመዱም ፍርዱም ይበላሻል።

ሁለተኛው ጋዝ ነው። ካዋ ኢጀን አፉ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ አለው፤ የውሃው ፒኤች ከ0.5 በታች ነው፤ ከባትሪ አሲድ ጋር የሚቀራረብ ማለት ነው። ከአጠገቡ ትኩስ የድኝ ጋዝ ከስንጥቅ ይወጣና አየር ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ሰማያዊው ነበልባል ይህ ነው እንጂ ብዙዎች እንደሚያወሩት ሰማያዊ ላቫ አይደለም። እዚያው ድኝ እየቆፈሩ 70 እና 80 ኪሎ በትከሻቸው ተሸክመው የሚወጡ ሠራተኞች አሉ። ነፋሱ ሲዞር ወዴት መሸሽ እንዳለባቸው የሚያውቁት በየቀኑ ስለሚውሉበት ነው። ጎብኚው ይህን አያውቅም፤ የያዘው ጭምብልም ብዙ ጊዜ ከአቧራ እንጂ ከጋዝ አያድንም። በማርች 2018 ከሐይቁ ድንገት የወጣ ጋዝ 30 የሚሆኑ የአካባቢው ሰዎችን ሆስፒታል አስገብቷል።

ከዚህ የከፋው የማይሸተው ጋዝ ነው። በማዕከላዊ ጃቫ በዲዬንግ አምባ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1979 አነስተኛ ፍንዳታ ተነሳ። የመንደሩ ሰዎች ከፍንዳታው ሸሽተው መንገድ ሲጀምሩ ከመሬት ስንጥቅ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዝቅተኛው ቦታ ተኝቶ ጠበቃቸው። ከ140 በላይ ሰዎች ሞቱ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በእሳተ ገሞራ አካባቢ ሽሽት ወደ ሸለቆ ሳይሆን ወደ ከፍታና ወደ ነፋሱ መምጫ ነው።

ሦስተኛው ናዳና መውደቅ ነው። ጁላይ 29 ቀን 2018 በሎምቦክ ላይ በሬክተር 6.4 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ከ500 በላይ ሰዎች ሪንጃኒ ላይ ነበሩ። መውረጃቸው በናዳ ተዘጋ። በጁን 2025 ደግሞ አንዲት ወጣት ጎብኚ በዚሁ ተራራ ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ገደል ወድቃ፣ በጉምና በገደሉ አስቸጋሪነት ምክንያት ነፍስ አድን ሠራተኞች የደረሱባት ከቀናት በኋላ ነበር፤ በሕይወት አላገኟትም። ከጫፉ አጠገብ ያለው መንገድ ላላ ያለ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው፤ ሁለት እርምጃ ሲወጡበት አንድ ወደ ኋላ ያንሸራትታል።

"ደረጃ 2" ማለት ምን ማለት ነው?

የአገሪቱ የእሳተ ገሞራ ጥናት ማዕከል ባንዱንግ ከተማ ይገኛል። ተራሮቹን የሚመድበው በአራት ደረጃ ነው፤ ደረጃ 1 መደበኛ፣ ደረጃ 2 ጥንቃቄ፣ ደረጃ 3 ዝግጁነት፣ ደረጃ 4 ከፍተኛ አደጋ። መረጃው ለሕዝብ ክፍት ነው። ችግሩ ያለው አረዳዱ ላይ ነው።

ሜይ 11 ቀን 2018 የሜራፒ ተራራ ደረጃ 1 ነበር። ጠዋት ላይ ከ100 በላይ ወጪዎች ተራራው ላይ ሳሉ የእንፋሎትና የአመድ ዓምድ ወደ ሰማይ ወጣ። ደግነቱ ሁሉም ወረዱ። ይህ ዓይነቱ ፍንዳታ አዲስ ማግማ አይፈልግም። ዓለቱ ውስጥ የገባ ውሃ ሥር ባለው ሙቀት ይፈላል፤ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን እንደሚያስፈነጥር ድስት ዓለቱን ይበትነዋል። ማግማ ወደ ላይ ሲወጣ መሬት ይነፋል፣ ትንንሽ መንቀጥቀጦች ይበዛሉ፤ መሣሪያ ይህን ይይዛል። እንፋሎት ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አይናገርም። ስለዚህ ደረጃ 1 ማለት "ዛሬ ምልክት አላየንም" ማለት ነው እንጂ "ምንም አይሆንም" ማለት አይደለም።

የበለጠ የሚያሳዝነው የማራፒ ነገር ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ማራፒ የሚገኘው በምዕራብ ሱማትራ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 2023፣ እሑድ ቀን፣ ፈነዳና አመዱን ከጫፉ በላይ 3,000 ሜትር ያህል ላከ። በዚያን ጊዜ 75 ወጪዎች ተራራው ላይ ነበሩ። 24 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም መካከል እንደ እኛ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ተራራው ከ2011 ጀምሮ ደረጃ 2 ላይ ሲሆን፣ የጥናት ማዕከሉ ከአፉ በ3 ኪሎ ሜትር ክልል ማንም እንዳይገባ ይመክር ነበር። በሌላ በኩል ግን ተራራው ለወጪዎች ክፍት ነበር፤ ሰዎቹም ተመዝግበው ነው የወጡት። ሁለት መልእክት ባንድ ጊዜ ቆሞ ነበር ማለት ነው። አንዱ "አትጠጉ" ይላል፣ ሌላው "ግቡ" ይላል። መንገደኛ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰማው ከፕሮግራሙ ጋር የሚስማማውን ነው። በማግስቱም ተራራው መትፋቱን ስላላቆመ ፍለጋው እየተቋረጠ ይቀጥል ነበር። ቃሬዛ ይዘው የወጡት የነፍስ አድን ሠራተኞችም ሰው ናቸው፤ የመንገደኛው ውሳኔ የእነሱንም ሕይወት ያስይዛል።

የቀድሞ ዕድልም ያዘናጋል። በሜራፒ ተራራ በዮግያካርታው ሱልጣን የተሾሙ ጠባቂ የነበሩት ምባ ማሪጃን በ2006 ፍንዳታ ጊዜ መንደራቸውን አልለቅም ብለው ተርፈዋል፤ በዚህም በአገሪቱ ሙሉ ታወቁ። ኦክቶበር 26 ቀን 2010 ግን ትኩሱ የአመድና የጋዝ ጎርፍ መንደራቸው ደረሰና እሳቸውም ሌሎችም ሞቱ። በዚያ ዓመት ፍንዳታ ከ350 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከተራራው ጋር የኖሩ አዛውንት ካልተረፉ፣ ለሁለት ቀን የመጣ እንግዳ "ባለፈው ምንም አልሆነም" ብሎ መተማመኑ ከምን የመጣ ነው?

አመዱና ጎርፉ

ተራራው ላይ ያልወጣ መንገደኛም ከጣጣው አያመልጥም። የእሳተ ገሞራ አመድ የእንጨት አመድ አይደለም፤ የተፈጨ ዓለትና መስታወት ነው። የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ሲገባ ይቀልጥና ይጋገራል። ጁን 24 ቀን 1982 ከጋሉንጉንግ ተራራ በወጣ አመድ ውስጥ የገባ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን አራቱም ሞተሮቹ ቆመውበት ነበር፤ ዝቅ ካለ በኋላ ሞተሮቹ ተነስተው ጃካርታ ላይ በሰላም አረፈ። የባሊው አጉንግ ተራራ ታሪክ ደግሞ የሁለቱን ሰዓት ልዩነት በደንብ ያሳያል። በሴፕቴምበር 2017 ደረጃ 4 ተባለና ከ100,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ለቀቁ። ተራራው ግን አልፈነዳም። በኦክቶበር መጨረሻ ደረጃው ዝቅ አለ። ፍንዳታው የመጣው በኖቬምበር ነው፤ የባሊ አውሮፕላን ማረፊያም ከኖቬምበር 27 ጀምሮ ለሁለት ቀን ተኩል ያህል ተዘግቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች ተንገላቱ። በኖቬምበር 2024 በፍሎሬስ ደሴት ያለው ሌዎቶቢ ሲፈነዳም የባሊ በረራዎች በብዛት ተሰርዘዋል።

ዝናብ ሲጨመር አመዱ ጭቃ ይሆናል። በ2023 የፈነዳው ማራፒ የተፋው አመድና ድንጋይ ጎኑ ላይ ተከምሮ ቆየ። ሜይ 11 ቀን 2024 ሌሊት ከባድ ዝናብ ጠርጎ አወረደው፤ በጎርፉና በጭቃው ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፍንዳታው ካለፈ ከአምስት ወር በኋላ ማለት ነው። በአገሪቱ ብዙ ክፍል ዝናቡ የሚበረታው ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው፤ የሪንጃኒ መንገድም አብዛኛውን ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ይዘጋል። ርካሽ ትኬት የሚገኘው በዝናብ ወራት መሆኑ እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም።

ለእኛስ?

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ኤርታሌ በጁላይ 2025 ፈንድቷል። ከእርሱ ብዙ የማይርቀውና በተጻፈ ታሪክ ፈንድቶ የማይታወቀው ሃይሊ ጉቢ ኖቬምበር 23 ቀን 2025 አመዱን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላከ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ህንድ ደረሰ፤ በዚያም በረራዎች ተሰረዙ። ወደ አፋር የመስክ ጉዞ የሚያስብ ተማሪም ሆነ መምህር እንግዲህ የኢንዶኔዥያን ተሞክሮ ቢያጠና ይጠቀማል። ከላይ ከታዩት ጉዳዮች የሚከተሉትን ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ተራራ ቢያንስ አንድ ባዶ ቀን መያዝ። ባዶ ቀን የሌለው ፕሮግራም መመለስ የማይችል ሰው ይፈጥራል።

ሁለተኛ፣ የተራራውን ደረጃና የተከለከለውን ርቀት በዚያው ቀን፣ ጉዞውን ከማይሸጥ አካል ማጣራት። ሁለት የተለያየ ምክር ከተገኘ ጥብቁን መቀበል።

ሦስተኛ፣ ከመውጣት በፊት መተኛት። የሌሊት መኪናና የሌሊት ተራራ በተከታታይ አይሆኑም።

አራተኛ፣ ወፍራም ልብስ፣ ውሃ፣ የራስ ላይ መብራትና ትክክለኛ የጋዝ ጭምብል መያዝ፤ ፓስፖርትና ገንዘብ በሻንጣ ሳይሆን በሰውነት ላይ ማድረግ።

አምስተኛ፣ ጉዞው ሳይጀመር የመመለሻ ሰዓት መወሰን። መንገድ መሪው "እንመለስ" ካለ ክርክር የለም። ይህ ስምምነት ከታች ሆኖ ካልተደረገ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ሲቀር አይደረግም።

ማጠቃለያ

በጉዞ ላይ የሚደርሰው ጣጣና የእሳተ ገሞራው አደጋ ሥራቸው አንድ ነው። መኪና ላይ እንቅልፍ ያሳጣው፣ ደላላ ፊት ያስከፈለው፣ "ደረጃ 2"ን እንደ ፈቃድ ያስነበበው ያው ያለቀ ቀን ነው። አበው "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ። ጂኦግራፊ የሚማር ሰው ስለ ተራራው ከሌላው መንገደኛ የበለጠ ያውቃል። ነገር ግን ይህ ዕውቀት ጥቅም የሚሰጠው ፕሮግራሙን ለመለወጥ የሚያስችል አንድ ትርፍ ቀንና ጥቂት የመጠባበቂያ ብር ሲኖረው ነው። የትምህርት ክፍላችን የመስክ ጉዞዎች ሲታቀዱም ከአውቶቡስ ኪራዩና ከአበሉ ጎን ይህች ባዶ ቀን በበጀቱ ውስጥ ብትያዝ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።